ጡረታ ከወጣ አዳኝ ውሻ ጋር በጎንደር

ጎንደርን ሊጐበኝ የመጣ እንግዳ ዐይኑን የሚያነሣው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ፋሲል ግንብ ሰገነት፣ ወደ ጃን ተከል ዋርካ ቅርንጫፍ፣ ከከተማው በላይ ወደ ተቀመጠው የጎሃ ኰረብታ። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት በአስተማሪነት ተመድቤ በመጣሁ ጊዜ እንደዚሁ አድርጌአለሁ። አሁን ግን ይህንኑ ከተማ በሌላ መንገድ እየተማርሁት ነው፤ ይኸውም ወደ ታች እያየሁ፣ ቀስ ብዬ እየሄድሁ፣ በየድንጋዩና በየአጥሩ ሥር እየቆምሁ ነው። አስተማሪዬም ዐሥር ዓመት የሞላው፣ የአፉ ዙሪያ የሸበተ፣ በአንድ የኋላ እግሩ ጥቂት የሚያነክስ ዳማ አዳኝ ውሻ ነው። ስሙ መቻል ይባላል።

አንባቢዬ ሆይ፤ ያረጀ ውሻ ለመጽሔት ጽሑፍ የሚበቃ ቁም ነገር አይመስልህ ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች በየግቢው በር ታስሮ የሚያረጀው ውሻ ብዙ ነው፤ ጠባዩ ተበላሸ እየተባለ የሚባረረውም ብዙ ነው። ይህ ውሻ ምን ሠርቶ ይዋል? የሚለው ጥያቄ ደግሞ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን፣ የሠፈሩን ሕፃናት፣ ከዚያም አልፎ የስሜንን ተራራ አውሬ ሳይቀር የሚነካ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከአርማጭሆ ቆላ ወደ አራዳ

መቻል ተወልዶ ያደገው በአርማጭሆ ቆላ ነው። ጌታው ዕድሜአቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ገበሬ ሲሆኑ፣ ማሽላውና ሰሊጡ በሚደርስበት ወራት ከርከሮንና ዝንጀሮን ከማሳ የሚያባርርላቸው፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ቆቅና ጅግራ የሚያስነሣላቸው፣ የወደቀችውንም ወፍ ሳያኝክ በአፉ ይዞ እግራቸው ሥር የሚያስቀምጥላቸው እርሱ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ጎንደር አምጥታ ታስታምማቸው ጀመር፤ ውሻውም ተከትሎ መጣ። የልጅቱ ቤት ግን ከአንድ ክፍል የማይበልጥ ስለ ሆነ ለውሻ የሚተርፍ ሥፍራ አልተገኘም። የአንዱ ተማሪዬ እናት ናትና ነገሩ ከእኔ ጆሮ ደረሰ።

ውሻውን ልረከብ በሄድሁ ዕለት ሽማግሌው እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን አበላዋለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ ምን አሠራዋለሁ ብለህ አስብ። ይህ ውሻ እንጀራውን ሠርቶ ነው የበላው» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ ማሳም ጠመንጃም የለኝም፤ ያለኝ ጠመኔ ብቻ ነው» ብላቸው፣ ሳቁና፣ «እንግዲያው ጠመኔህን ይፈልግልህ» አሉኝ።

በጊዜው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውሻው አራዳ አካባቢ ከተከራየሁበት ግቢ ከገባ በኋላ ግን የሽማግሌው ነገር በየቀኑ ትዝ ይለኝ ጀመር። መቻል ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል፤ ቀን የጌሾውን ሥር ይቈፍራል፤ የአከራዬን ዶሮዎች ጥግ ያስይዛል፤ ከገመድ ላይ ልብስ አውርዶ ከደጄ ይከምራል። አከራዬ እማማ ደግ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ትዕግሥታቸው አለቀና በሰኔ ወር፣ «ልጄ፣ አንተን ወድጄሃለሁ፤ ውሻህ ግን ግቢዬን አረሰው። ውሻ ምን አገባት ከእርሻ ሲባል አልሰማህም? እስከ ፍልሰታ ካልተገራ ከቤቴ ይውጣልኝ» አሉ።

በዚያው ሰሞን በሠፈራችን አንድ ሕፃን ባለቤቱ ባልታወቀ ውሻ ተነከሰ። ሕፃኑ ወዲያው ሐኪም ቤት ተወስዶ ተርፏል። የሠፈሩ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ ያለ ባለቤት በጎዳና የተገኘ ውሻ ሁሉ እንዲገደል ተስማሙ። ስለዚህ ለመቻል ከግቢ መባረር ማለት መሞት ማለት ሆነ።

ከብሩስ ውሾች የምንማረው

አዳኝ ውሻ በጎንደር ከተማ ውስጥ ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚያመጣ በመጽሐፍ የተጻፈ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጥላ ሥር በቁስቋም ተቀምጦ፣ በ1771 መጨረሻ ከአገሩ ወጥቷል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በጎንደር አዳኝ ውሾች እንደ ነበሩት ይናገራል። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበርና በሰይፍ የተቀጡ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በየጎዳናው ይጣል ነበር። አሽከሮቹ ሳይጠነቀቁ ውሾቹን ሁለት ጊዜ ቢለቋቸው፣ የሰው ራስና ክንድ በአፋቸው ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ብሩስም ይህን ለማስቀረት ውሾቹን ከማጥፋት በቀር መንገድ እንዳልነበረው በሐዘን ጽፏል። የሬሳውም ሽታ ጅቦችን ከየተራራው በብዛት ስላወረደ፣ ከመሸ በኋላ ጎዳናው የእነርሱ ነበር።

ይህ የሚያሰቅቅ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ልብ ብለን እንመልከተው። ውሾቹ ያጠፉት ጥፋት አልነበረም። ፈልጉና አምጡ ተብለው የተማሩትን ነው የፈጸሙት። የሚፈለገውን ነገር የወሰነላቸው ሰው ስላልነበረ በጎዳና የወደቀውን አመጡ። መቻልም ከገመድ ላይ የእማማን ልብስ አውርዶ ከደጄ ሲከምር የሚሠራው ይህንኑ ሥራ መሆኑ የገባኝ ይህን ታሪክ ሳስብ ነው።

በውጭ አገር ይህን ሥራ ብቻ እንዲሠሩ ተመርጠው የተዳቀሉ ውሾች አሉ። ሪትሪቨር ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «አምጪ» እንደ ማለት ነው። ወርቃማው ሪትሪቨር የተገኘው በስኮትላንድ ሲሆን፣ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባለ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1868 ኑስ የተባለውን ቢጫ ውሻ ቤል ከተባለች የውሃ አዳኝ ውሻ ጋር ባዳቀለ ጊዜ ዘሩ ጀመረ። የላብራዶር ሪትሪቨር አያቶች ደግሞ በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠሩ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ ወፍ አያመጡም፤ ዐይነ ሥውር ይመራሉ፣ በፖሊስ ቤት የተደበቀ ነገር ያሸታሉ፣ የጠፋ ሰው ይፈልጋሉ። አደኑ ቀርቶ ፍለጋው ግን አልቀረም። የእኛ የአርማጭሆ ውሻ የትውልድ መዝገብ የለውም፤ ሆኖም አፍንጫውና ለስላሳ አፉ ከእነርሱ የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ለመቻል የሚሻለው ሥራን ማስረሳት ሳይሆን ሥራን መለወጥ ነው ብዬ ቈረጥሁ።

አፍንጫ የሚያነበው ጎዳና

ከአራዳ የምንወጣው ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ባለሱቆች ገና በራቸውን አልከፈቱም፤ ባጃጆችም አልበዙም። መቻል አንገቱ ላይ ቀበቶ፣ ከቀበቶውም ላይ ሁለት ክንድ ያህል የሚረዝም ገመድ አለው። እንደ ፈረሰኛ አልጐትተውም፤ እርሱም አይጐትተኝም። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ የውሻ ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ እኔ ባዶ ጎዳና በማይበት ሥፍራ እርሱ የሌሊቱን ወሬ ሁሉ ያነባል። ጅብ ባለፈበት ጸጉሩ ይቆማል፤ አህያ በቆመበት ረጋ ይላል፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ፊቴን ያያል።

በፒያሳ በኩል ስናልፍ ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) በተቀመጠባቸው ዓመታት የተሠሩት ክብ ማዕዘን ያላቸው ሕንፃዎች ገና በጥላ ውስጥ ናቸው። ከዚያ የግንቡን ቅጥር እንይዛለን። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማ ያደረጉት፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እየጨመሩ የሠሩት ይህ የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የቅጥሩ ርዝመት ዙሪያውን 900 ሜትር ነው። ለጎብኚ ይህ ቁጥር የንጉሥ ታላቅነት ማስረጃ ነው፤ ለእኔና ለመቻል ግን የቀን ሥራ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ጤነኛ ሰው ይህን መንገድ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። እኛ ግን ዐርባ ደቂቃ ይፈጅብናል፤ ምክንያቱም የመንገዱ ፍሬ ነገር መድረሱ ሳይሆን ማሽተቱ ነው።

ያረጀ ውሻን ረዥም መንገድ ማስሮጥ ጉልበቱን ይጐዳዋል። አጭር መንገድ፣ ብዙ ማረፊያ፣ አፍንጫውም እስኪጠግብ ማቆም ግን ያደክመዋል፤ የሚያደክመውም ጡንቻውን ሳይሆን አእምሮውን ስለ ሆነ፣ ቤቱ ሲገባ ሳያላዝን ይተኛል። ይህን ባወቅሁ በሁለተኛው ሳምንት የሌሊቱ ለቅሶ ቆመ።

እሑድ ዕለት መንገዳችን ይረዝማል። ከመሐል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የፋሲል መዋኛ እንወርዳለን። ውሃው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ እየተጠለፈ የሚሞላ የበዓል ሥፍራ ነውና ውሻ ወደዚያ አይገባም፤ ከውጭ ዛፍ ሥር እናርፋለን። በዚያው አቅራቢያ ጕልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ አለች፤ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት እየተባለ ይነገርላታል። በግቢው ውስጥ ደግሞ የነገሥታቱ አንበሶች የነበሩበት ቤት እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ ጎንደር ለፈረስ መቃብር፣ ለአንበሳ ቤት የሠራች ከተማ ናት። ለውሻ የተሠራ ነገር እስከ አሁን አላየሁም። በአማርኛችንም በከንቱ የፈሰሰ ደም «የውሻ ደም» ነው የሚባለው። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ከመልአኩ ጋር ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ ተጽፏል፤ በቁርኣንም የዋሻው ሰዎች ውሻ ደጃፉን ይዞ ተኝቶ ነበር። ከሰው ጋር መንገድ መሄድ ለውሻ አዲስ ሥራ አይደለም።

ፈልግ፣ አምጣ፣ ቆይ

አሁን በግቢ ውስጥ የምናደርገውን ልንገርህ፤ ውሻ ያለው አንባቢ ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው ይችላልና።

የመጀመሪያው «ፈልግ» ነው። አሮጌ የእግር ሹራብ ወስጄ የጤፍ ገለባ ሞላሁበት፤ ከገለባውም መካከል ጥቂት የዶሮ ላባና አንድ ቍራጭ ጠመኔ አኖርሁ፤ የሽማግሌው ቀልድ በዚህ ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ መቻል እያየ ሹራቡን ከድንጋይ ኋላ አስቀምጬ «ፈልግ» እለዋለሁ። ሲያገኝ አመሰግነዋለሁ፤ ቍራሽ ደረቅ እንጀራም እሰጠዋለሁ። በየሳምንቱ መደበቂያውን እያከበድሁ መጣሁ፤ ከእንጨት ክምር ሥር፣ ከጎረቤት አጥር ጥግ፣ በመጨረሻም እርሱ ሳያይ በማለዳ ተደብቆ ማታ የሚፈለግ ሆነ።

ሁለተኛው «አምጣ» ነው። ለወጣት ውሻ ዕቃውን አርቆ መወርወር ደስ ያሰኘዋል፤ ለሽማግሌ ግን መዝለልና በድንገት መዞር መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል። ስለዚህ ሹራቡን በመሬት ላይ አንከባልልለታለሁ እንጂ ወደ አየር አልወረውርለትም። ይህን ከለመደ በኋላ ጋዜጣ ወደ መሸከም አሸጋገርሁት። ከአራዳ የገዛሁትን ጋዜጣ ጠቅልዬ አፉ ላይ ሳኖርለት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ መሥሪያ ቤት ተላላኪ እስከ ቤት ድረስ ያደርሰዋል። ገጹ ጥቂት ይረጥባል እንጂ አይቀደድም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው «ቆይ» ነው። ምግቡ ከፊቱ ተቀምጦ፣ ሹራቡ ከፊቱ ተንከባልሎ፣ የእማማ ዶሮ ከፊቱ እያለፈች፣ ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ መቀመጥ ነው። በአምስት ቍጥር ጀምረን ዛሬ መቶ እስክቈጥር ድረስ ይጠብቃል። አዳኝ የነበረ ውሻ ይህን ቶሎ ይማራል፤ ተኩሱን ጠብቆ መነሣት የቀድሞ ሥራው ነበረና።

ተማሪዎቼ በመጀመሪያ መቻልን ያዩት በእጃቸው ድንጋይ ይዘው ነበር፤ በእኛ አገር ልጅና ውሻ የሚተዋወቁት በድንጋይ ነውና። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አንዱ የአንገት ልብሱን ለመቻል አሽትቶ፣ ከትምህርት በኋላ በሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ መካከል ሄዶ ተደበቀ። መቻል አፍንጫውን ከመሬት ሳያነሣ ሄዶ ልጁን ሲያገኘውና ከፊቱ ሲቀመጥ፣ የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ እርሱ ባለበት ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ የለም። ልጆቹንም አንድ ነገር አስተምሬአቸዋለሁ፦ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ውሻ አይነኩም፤ ከውሻም ፊት አይሮጡም።

ፍልሰታ ሲገባ እማማ ስለ መቻል መውጣት አላነሡም። ማለዳ ከግቢ ወጥተን ስንመለስ፣ «መቻል፣ ከሥራ ገባህ? ደመወዝስ ደረሰልህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ የእንጀራ ቂጣም ይቈርሱለታል። ሽማግሌው ጌታው ዘንድም በየአሥራ አምስት ቀኑ እንሄዳለን። በቅርቡ በሄድንበት ቀን ሹራቡን ከደጅ ደብቄ «ፈልግ» አልሁት። ፈልጎ አገኘው፤ ያመጣው ግን ለእኔ አልነበረም። በሽማግሌው እግር ሥር አስቀምጦ ቆመ። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ራሱን ዳሰሱትና፣ «ሥራ አግኝቷል» አሉ።

ክትባትና ጎረቤት

ውሻን ከሰው መካከል ይዞ መውጣት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት። የመጀመሪያው ግዴታ ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከመቶ 99ኙም በሽታውን የሚይዘው ከውሻ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ለዚህ በሽታ ክትባት ካገኘ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፏል። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ እንደሚቆም ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ የተከተበውን ውሻ ገድሎ ያልተከተበው በቦታው እንዲተካ ማድረግ በሽታውን እንደ መርዳት ነው።

በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ የጤና ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተጀመረበት ከተማ ነው። ስለዚህ የጎንደር ሰው ሐኪም አጣሁ ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። መቻል ተከትቧል፤ ወረቀቱንም በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚፈራ ሰው ሲያጋጥመኝ አሳየዋለሁ።

ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ፣ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል። ጸበሉም ሆነ የአባቶች መድኃኒት ከሐኪሙ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ ሐኪም መሄድ ግን መዘግየት የለበትም።

ምግብንም በሚመለከት ሁለት ነገር ልብ ይባል። በዓል ሲሆን ከበግ ሆድ የወጣ ውሃ የቋጠረ ጕበትና ሳንባ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ይህ ውሃ የቋጠረ ነገር የትል ዘር ነው፤ በውሻ ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል፤ ስለዚህ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል። ሁለተኛው ሽንኩርት ነው፤ የውሻን ደም ይጐዳልና ወጣችን ለእርሱ አይሆነውም። መቻል የሚበላው ያለ ወጥ የደረቀ እንጀራ፣ የተቀቀለ ሩዝና የአጥንት መረቅ ነው። መኝታውም ገለባ የተሞላ ጆንያ ነው፤ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሆን ሲሚንቶ ለሽማግሌ መገጣጠሚያ አይስማማውምና።

ሌላው ግዴታ የጎረቤትን ልማድ ማክበር ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ ከቅጥሩ ውጭ እንቆማለን። በአዲስ ዓለም በኩል ስናልፍ ደግሞ ገመዱን አሳጥራለሁ፤ ለሙስሊም ወንድሞቻችን የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ከጸሎት በፊት መታጠብን ያስከትላልና። የሚያዩኝ አባቶችም ይህን ስለሚያውቁ ሰላምታ አይነፍጉኝም።

የማንደርስበት ተራራ

አንድ ወዳጄ፣ «ይህን የመሰለ አዳኝ ይዘህ ለምን አንድ ጊዜ ወደ ስሜን አትወጣም?» አለኝ። መልሴ አይሆንም የሚል ነው፤ ምክንያቱንም እነሆ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ ደባርቅ ይደረሳል፤ ከዚያም በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን ያለበት የስሜን ተራራ ነው። በቀድሞ ዘመን የዚያ ገደል ዋሊያ ለጀግንነት ይታደን ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ 150 ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1978ም የዓለም ቅርስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

በዚሁ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር አውሬ ሲሆን፣ ያሉት ጐልማሶች በሙሉ ከ500 አይበልጡም። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ጠመንጃ አይደለም፤ ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003 በባሌ ተራራ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከደረሰባቸው የቀበሮ ቤተሰቦች አብዛኞቹን ጨርሷል። የሚጠብቋቸው ባለሙያዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየተራራው ግርጌ ያሉትን የገበሬ ውሾች ሲከትቡ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል።

የስሜን ቀበሮዎች በአሥሮች ብቻ የሚቈጠሩ ናቸው። አንድ የታመመ ውሻ አንድ ጊዜ ቢደርስባቸው የሚጠፋው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። መቻል የተከተበ ነው፤ ይሁንና ከዚህ ሌላ ሊያጋባ የሚችለው በሽታ አለ፤ አዳኝነቱም አይጥ የሚያሳድደውን ቀበሮ ሲያይ ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ የእኛ ጉዞ ድንበር የጎሃ ኰረብታ ነው። ከዚያ ሆነን ከተማውን ከሥራችን፣ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ሰማያዊ ተራራ ከሩቅ እናያለን። እርሱ ነፋሱን ያሸታል፤ እኔ ተማሪዎቼ ያጻፉኝን ውጤት እያሰብሁ አርፋለሁ።

ለአንባቢ የቀረበ ምክር

ከተማሪዎች መካከል የአባቱን ያረጀ ውሻ በግቢ በር ታስሮ የሚያይ አለ። ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም መካከል ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የተከራየበት ቤት ውሻ ትቶት የሚሄድ አለ። ለእነዚህ የምለው ይህ ነው። ውሻውን ከማባረር በፊት ምን ሲሠራ እንደ ኖረ ጠይቁ። ማሳ ጠባቂ ከነበረ ግቢውን በገመድ ይዛችሁ አዙሩት፤ ከብት ጠባቂ ከነበረ ከልጆች ጋር ይሂድ፤ አዳኝ ከነበረ የሚፈልገው ነገር ደብቁለት። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ሹራብ፣ አንድ ጭብጥ ገለባ፣ በየቀኑም ዐርባ ደቂቃ ነው። አስቀድማችሁ ግን አስከትቡት።

ነጩን የደመወዝ ወረቀት ገና መቀበል ለጀመረ ወጣት ጡረታ ሩቅ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ቀን፣ ለረዥም ጊዜ የሠራነውን ሥራ ለመሥራት ጉልበቱ ሲያንሰን፣ ቢያንስ የምንችለውን ያህል እንድንሠራ የሚጠይቀን ሰው እንፈልጋለን። እስከዚያው ድረስ፣ ሊነጋጋ ሲል በፋሲል ግንብ ዙሪያ አንድ ያረጀ ውሻ ጋዜጣ በአፉ ይዞ ሲያልፍ ብታዩ መንገድ ልቀቁለት፤ በሥራ ላይ ነው።